አባቴ ያስተኛው መልእክት

አለቃዬ «አስቸኳይ» የሚል ቃል ሳይጨምር ኢሜይል መላክ አይችልም ነበር። የማተሚያ ቀለም አልቋል፤ አስቸኳይ። የአንድ ለአምስት ስብሰባ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተዛውሯል፤ አስቸኳይ። ለሠራተኞች ክበብ ትልቅ ድስት ይገዛ፤ እሱም አስቸኳይ። ያኔ አቃቂ ውስጥ በአንድ የመንግሥት የብረታ ብረት ፋብሪካ፣ ግዥ ክፍል ነበር የምሠራው። ቁጡ ሰው ነኝ፣ አልዋሽም። ጠዋት ኮምፒውተሬን ከፍቼ ሦስቱን ካነበብኩ ደሜ ፈልቶ ቁርሴን እንኳ በሰላም አልበላም ነበር።

የገላገለችኝ አንዲት ትንሽ የሰዓት ሥዕል ናት። ኢሜይሉ ጎን ላይ ትገኛለች። እሷን ስትነኳት መልእክቱ ከፊታችሁ ዘወር ይልና ባላችሁት ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፤ ነገ ካላችሁ ነገ፣ ሰኞ ካላችሁ ሰኞ፣ ካልሆነም ቀን መርጣችሁ ትሰጡታላችሁ። ሲመለስ ገና አሁን የተላከ ይመስል ከሁሉ በላይ ጉብ ይላል። እኛ ቢሮ «ማስተኛት» ነበር የምንለው። «ያንን የድስቱን ነገር የት አደረስሽው?» ሲሉኝ «አስተኝቼዋለሁ፣ ሰኞ ይነሳል» እላለሁ። እንዴት ያለ ዕረፍት መሰላችሁ! ድስቱ ሦስት ሰኞ ተኝቶ ተነሣና በመጨረሻ ሌላ ሰው ገዛው።

ይህችን ነገር አንድ እሑድ ለአባቴ አሳየሁት። አባቴ የባቡር ጡረተኛ ነው። አቃቂ፣ ከድሮው ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ እኔ ባደግኩበት ቤት ብቻውን ይኖራል። እኔ ደግሞ ከባለቤቴ ጋር ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ፤ ባለቤቴ የተሳቢ ሾፌር ስለሆነ ግማሹን ወር ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። እርጉዝ ነበርኩ፤ እሑድ እሑድ አባቴ ዘንድ ሄጄ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ እቀመጣለሁ። የአለቃዬን ኢሜይል በስልኬ ሳስተኛ አየና መነጽሩን አደረገ።

«ይጠፋል?»

«አይጠፋም።»

«የላከው ሰው ያውቃል?»

«ከየት አውቆ!»

«ባልሽው ቀን ደግሞ ራሱ ይመጣል?»

«ራሱ ይመጣል፣ አባዬ።»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «ይኼን የሠራውን ሰው አሳዳጊ አልበደለውም» አለ።

እንዲህ ያለው በዋዛ አይደለም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው አቃቂ ጣቢያ የስልክና የቴሌግራም ክፍል ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን የአገሬው ሰው ሞት የሚመጣው በእሱ እጅ ነበር። ድሬዳዋ የሞተ፣ አዋሽ ላይ መኪና የገጨው፣ ጦር ሜዳ የወደቀ፣ ሁሉም አንድ መስመር ሆኖ እሱ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። እሱ ግን ወረቀቱን ይዞ አይሮጥም። አጥፎ ኮቱ ኪስ ያስገባዋል። ከዚያ ይጠይቃል። ሴትዮዋ ምን ላይ ናት? አራስ ናት? ልጁ ፈተና አለበት? ሽማግሌው የልብ ሕመምተኛ ናቸው? ጊዜው ነው ብሎ ሲያምን የእድር ሰዎችንና ቅርብ ጎረቤቶችን ሰብስቦ ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳል። ሳይነጋ የሚኬደው ሰው ሥራ ሳይወጣ፣ ገበያ መሐል ሳይሰማ፣ ቤቱ ውስጥ በሰው ተከብቦ እንዲያለቅስ ነው። ማን በቀኝ እንደሚይዛት፣ ማን ልጆቹን ወደ ጓሮ እንደሚወስድ፣ ውሃ ማን እንደሚይዝ አባቴ አስቀድሞ ያዝዛል።

ጡረታ ከወጣና ቴሌግራም የሚባል ነገር ከቀረ በኋላም ሰፈሩ አልለቀቀውም። «አንቱ ያውቃሉ፣ መቼ ይነገራት?» እያሉ ይመጣሉ። እሱ «አሁን አይሆንም» ካለ አይሆንም። ያኔ ሞባይል በየኪሱ ገብቶ ስለነበር ምስጢር መያዝ መከራ ነበር፤ እሱ ግን መንደሩን ሁሉ አፉን ያስይዘው ነበር። ዘግይቶ የተነገራቸው ሰዎች አንዳንዴ ይቆጡታል። አንዲት ጎረቤታችን የወንድሟን ሞት ልጇን እስክትድር ድረስ ደብቋት በኋላ ስትሰማ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነስታዋለች። «እኔን ብትቆጣ ይሻላል፤ ቁጣ ይበርዳል» ነበር መልሱ። እኔ ግን በልቤ ሴትዮዋን ነበር የምደግፈው። የራሴን ጉዳይ ሰው ይዞብኝ ሲዞር! ኧረ ወዲያ!

ግንቦት ላይ ወንድ ልጅ ወለድኩ። ባለቤቴ ልጁን ሁለት ቀን አቅፎ፣ ስሞ፣ መኪናውን ተረክቦ ሄደ። አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ለማረስ መጣች፤ አባቴም ሻንጣውን ይዞ ተከተላት። አራት ፎቅ በጉልበቱ ሲወጣ ሦስተኛው ላይ ቆሞ ያርፋል። ገና በመጀመሪያው ቀን አክስቴ ስልኬን ከትራሴ ሥር ወሰደችብኝ። «አራስ ስልክ አታይም፣ ዓይኗ ይጠፋል» አለች። ተጨቃጨቅኩ፣ አለቀስኩ፣ አልሰማችኝም። ስልኩ ወደ አባቴ ኪስ ገባ። ቤታችን ውስጥ ኔትወርክ አይገባም፤ ዳታ በደንብ የሚሠራው ታች ከበሩ አጠገብ ሱቁ ጋ ነው። አባቴ በቀን አንዴ ወርዶ ስልኩን ያየዋል፤ ባለቤቴ ደውሎ ከሆነ ይነግረኛል፤ የቀረውን «ምንም የለም» ይለኛል። እኔም ደከመኝ፣ ተውኩት። ልጁን ማየት በቂ ሥራ ነበር።

ሰኔ ከገባ በኋላ አባቴ ተለወጠ።

ሌላ ሰው ቢሆን አያውቅበትም። እኔ ግን እዚያ ቤት ነው ያደግኩት። መርዶ ይዞ ሲዞር ምን እንደሚያደርግ አንድ በአንድ አውቃለሁ። ድምፁ ዝቅ ይላል። «በላሽ?» ይላል፤ «በላሁ» ስትሉት ከአፍታ በኋላ «በላሽ እንዴ?» ይላል። ፊታችሁን አያይም፣ እጃችሁን ነው የሚያየው። የዜና ሰዓት ሲደርስ ሬዲዮ ያጠፋል። ይኸው ሁሉንም ጀመረ። አጥሚቱን ራሱ እያመጣ እስክጨርስ ቆሞ ያየኛል። አንድ ቀን ከገበያ ለእኔ ተልባ፣ ለልጁ ደግሞ ሹራብ ገዝቶ መጣና እግሬ ሥር ተቀመጠ፤ እጄን ያያል።

በዚያው ሰሞን የቢሮ ጓደኛዬ ልትጠይቀኝ መጣች። አባቴ ደረጃው ላይ እንደተቀበላት ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ምን እንደተባባሉ ግን አልሰማሁም። ገብታ ገንፎውን በላች፣ ልጁን አየች፣ «እግዚአብሔር ያሳድገው» አለች። ቢሮ እንዴት ነው ስላት «አለ» ብላ ዝም። የፋብሪካ ሐሜት ሳታወራ ውላ የማታውቅ ሴት! ስትሄድ ግንባሬን ሳመችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው ሞቶብኛል። በአባቴ ኮት ኪስ ውስጥ የእኔ ሰው አለ።

ማን? አባቴ እዚህ አለ፣ አክስቴ እዚህ አለች። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። እህት ወንድም የለኝም። ልጄ ጡቴ ላይ ነው። ማን ቀረ? የአፋር መንገድ፣ ተሳቢ መኪና፣ ስንት ቀን ያልሰማሁት ድምፅ። ባለቤቴ ነው። ከዚያ በኋላ ያሳለፍኩትን ለጠላቴም አልመኝም። አክስቴን «ደወለ?» እላታለሁ፤ «ደወለ፣ ደህና ነው ብሏል አባትሽ» ትለኛለች። አባትሽ ብሏል! አባቴ ስንቱን ሰው «ደህና ነው» ብሎ እንዳሳደረ የማላውቅ ይመስል። ልጁን ሳጠባ ፊቱን አይና አባት የሌለው ልጅ እያጠባሁ ነው እላለሁ። ምግብ እንቢ አለኝ። ጎህ ሲቀድ የመንገዱን ድምፅ አዳምጣለሁ፤ ደረጃው ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ከሰማሁ አለቀልኝ ማለት ነው። አንድ ማለዳ ብዙ ኮቴ መጣ። ልጁን አቅፌ ተነሥቼ ቆምኩ። ከላይኛው ፎቅ ቁምሳጥን የሚያወርዱ ሰዎች ነበሩ።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። አባቴ አጥሚት ይዞ ሲገባ ኩባያውን ተቀብዬ መሬት አስቀመጥኩት።

«አባዬ፣ ሞቷል አይደል?»

«ማን?»

«አታድርቀኝ! ባሌ ሞቷል። እኔን ልታታልል? እኔን?»

አባቴ ደነገጠ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ፊቱ ላይ ያየሁት የተያዘ ሰው ድንጋጤ አልነበረም፣ ግራ የገባው ሰው ድንጋጤ ነው። «ኧረ በማርያም! ኧረ ልጄ! እኔ አፈር ልብላ!» እያለ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ ነጠላ ጫማውን እንኳ ሳያስተካክል ደረጃውን ወረደ። ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ክንዴን ያዘኝ። «ተነሽ፣ ነይ፣ ራስሽ ስሚው።» አክስቴ «አራስ ከቤት አትወጣም!» እያለች ብትጮህም ጋቢ ደርቦብኝ እስከ ሁለተኛው ፎቅ አወረደኝ፤ እዚያ መስኮቱ ጋ ትንሽ ኔትወርክ አለ። ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ።

«ሄሎ? ምን ሆናችሁ? ልጁ ደህና ነው?» የባለቤቴ ድምፅ። ከኋላው የመኪና ጥሩምባ፣ የሰው ጫጫታ፣ ፍየል ይጮሃል። ሚሌ ላይ ሻይ እየጠጣ ነበር። እየሳቅኩ አለቀስኩ። «ምንም አልሆንንም፣ አንተ ብቻ ሻይህን ጠጣ» አልኩት።

ስልኩን ስዘጋ በእጄ ላይ ነዘረኝ። ኢሜይል ነው። ከሁሉ በላይ ጉብ ብሏል፣ ከፋብሪካው የሰው ኃይል አስተዳደር። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «በአዲሱ መዋቅር መሠረት የሥራ መደብዎ የታጠፈ መሆኑን እናሳውቃለን።» ጎኑ ላይ ደግሞ ያቺ የሰዓት ሥዕል። የተኛ መልእክት ነው የተነሣው። እኔ አላስተኛሁትም።

ቀስ ብዬ ወደ አባቴ ዞርኩ። እጄን እያየ ነበር።

ያን ጊዜ የጮህኩት ጩኸት ሁለተኛ ፎቅ ያሉ ሰዎችን በር አስከፍቷል። «ሥራዬ ነው የሞተው! ሰው አይደለም፣ ሥራ ነው! ሥራ መርዶ አለው? ሽማግሌ ሰብስበህ ልትነግረኝ ነበር? ማን ፈቀደልህ? ባሌን ገድዬ፣ ቀብሬ፣ ልጄን አባት አልባ አድርጌ ስንት ቀን ሳለቅስ አንተ ኪስህ ውስጥ ይኼን ይዘህ ‹በላሽ› ትለኛለህ!» ሌላም ብዙ አልኩ። አባቴ ቤት ድረስ ደግፎ አወጣኝ፣ አልጋዬ ላይ አስቀመጠኝ፣ ራሱ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«ሽማግሌዎቹን ነግሬያቸዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ከክርስትናው ማግስት፣ በማርያም ዕለት፣ ማለዳ ሊመጡ ነበር።»

ተናድጄም ቢሆን ሳቄ መጣብኝ። አስቡት እስቲ፤ የእድሩ ሰብሳቢና ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሳይነጋ ከአቃቂ ገላን መጥተው፣ አራት ፎቅ እያለከለኩ ወጥተው፣ «ልጄ ጠንክሪ፣ የግዥ ባለሙያነትሽ አርፏል» ሲሉኝ። አክስቴ ማዕድ ቤት ሆና መሳቋን ሰማሁ። አባቴ ግን አልሳቀም።

«አራስ ሴት ክፉ አትሰማም» አለ። «እኔ ይህን የማውቀው ከሰው አይደለም።»

ከዚያ የነገረኝን ከዚያ ቀን በፊት ሰምቼው አላውቅም። በዱቄት ወተት እንዳደግኩ አውቃለሁ፤ አክስቴ ሁሌ «ባንቺ የተነሣ ያልተሰለፍኩበት ቀበሌ የለም» ትለኛለች። ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም፤ እናቴ ታማ ነበር ብዬ አስብ ነበር። እናቴ አንድ ወንድም ነበራት፣ ወታደር። ሰሜን ጦር ሜዳ ላይ ሞቶ ቴሌግራሙ አባቴ ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። እኔ ከተወለድኩ ገና ወር አልሞላኝም። አባቴ ወጣት ነው። በኋላ የሰውን ወረቀት ሁሉ ኪሱ የሚከተው ሰው ያን ጊዜ የራሱን መያዝ አልቻለም። በእኩለ ቀን ከጣቢያው ወጥቶ ሐዲዱን ይዞ ሮጠ።

«ለብቻዬ መያዝ አቃተኝ» አለኝ። «ከእሷ ሌላ የምነግረው ሰው አልነበረኝም። ስደርስ አንቺን እያጠባች ነበር። ቃል እንኳ አልተናገርኩም፣ ወረቀቱን እጇ ላይ አስቀመጥኩት። አንድ መስመር ናት። አነበበችው። ከዚያ አንቺን ከጡቷ አንስታ ሰጠችኝ። ዳግመኛ አላጠባችሽም። ወተቱ ቀረ።»

እናቴን የማውቃት ዝምተኛ ሆና ነው። ዘፈን ስትዘፍን፣ ጮኻ ስትስቅ አላየሁም። ድሮ እንዲያ እንዳልነበረች አክስቴ አንዳንዴ ስትናገር «እንግዲህ ዕድሜ ነው» እል ነበር። አባቴ ያን ሁሉ ዓመት የሰውን መርዶ ሲያዘገይ የኖረው ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ ንዴቴም ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ልጁ አለቀሰ። አንስቼ አጠባሁት። አባቴ ሲጠባ አየና ፊቱን አዞረ።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ቀና አለ። «ግን ዛሬ ለምን መጣ? እኔ ያልኩት እኮ ለሃያ አንድ ነው። አንቺ ባሳየሽኝ ሥዕል ገብቼ ቀን ምረጥ ሲለኝ፣ ጁን ሃያ አንድ ብዬ ነው ያስተኛሁት።»

«ጁን ሃያ አንድ?»

«ጁን ሰኔ አይደል እንዴ? ባቡር ቤት በተማርኩት ፈረንሳይኛም እንደዚያው ነው።»

እኔ ሁልጊዜ «ነገ» ወይም «ሰኞ» ነበር የምነካው፤ ቀን መርጬ አላውቅም፣ ስለዚህም አላሳየሁትም። «አባዬ፣ የፈረንጅ ጁን ሃያ አንድ እኮ የኛ ሰኔ አሥራ አራት ነው። ዛሬ ነው። ዛሬ አቡነ አረጋዊ ነው!»

በጣቶቹ ቆጠረ። «አንድ ሳምንት አጎደልኩ» አለ፤ አፈረ። ዕድሜውን ሙሉ የመርዶ ቀን ሲቆርጥ ተሳስቶ የማያውቅ ሰው በልጁ ላይ ተሳሳተ። ላጽናናው ብዬ፣ እስቲ ምን እንደሚል እንየው ብዬ ስልኩን አነሣሁ። ወደ ታች ገፋ አደረግኩት። የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነበር የታየኝ፤ ለካስ ሥሩ ሌላ አንቀጽ አለ።

«…ሆኖም በአዲሱ መዋቅር ላይ ተወዳድረው መመደብ የሚፈልጉ ሠራተኞች እስከ ሰኔ 17 ቀን ድረስ በአካል ቀርበው እንዲመዘገቡ እያሳሰብን፣ በተጠቀሰው ጊዜ ያልቀረበ ሠራተኛ መወዳደር እንዳልፈለገ ይቆጠራል።»

ጮክ ብዬ ሳነብ አባቴ ቀስ በቀስ ከበርጩማው ተነሣ። «ታች ነበረው?» አለ። «ታች ነበረው እንዴ?»

«አላነበብከውም?»

«የመጀመሪያውን አነበብኩ። ክፉ ነው፤ ሌላ ምን አነባለሁ? ቴሌግራም እኮ ታች የለውም፣ ልጄ።»

መልእክቱ በእኛ ሃያ አንድ ቢነሣ ኖሮ፣ ማለትም እንዳሰበው ሳይሳሳት አስተኝቶት ቢሆን፣ ሽማግሌዎቹ የሚያረዱኝ በእርግጥም የሞተ ሥራ ነበር። አባቴ ይህን እኔ ሳልነግረው ደረሰበት። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ይኼን ጊዜ ማን ሊቆጣ ይችላል? «እንኳን ተሳሳትክ፣ አባዬ» አልኩት። «እሰይ፣ እንኳን የፈረንጅ ቀን አላወቅክ!»

በማግስቱ ሌላ ጦርነት ሆነ። አክስቴ አርባዬ ሳይሞላ ከቤት መውጣት የለም ብላ በሩ ላይ ቆመች። ድሮ ቢሆን አባቴ ነበር ቀድሟት የሚቆም። አሁን ግን «ዞር በይ፣ እኔ ነኝ የምወስዳት» አላት። «ጋሼ፣ አንተ ነህ እንዲህ የምትለው?» ብላ አፏን ይዛ ቀረች። አራስ ስትወጣ ብረት ትይዛለች፤ አባቴ ከሐዲድ ላይ የወለቀ፣ ክንድ የሚያህል የባቡር ሚስማር ነበረው፣ ከጡረታው ጋር ይዞት የወጣ። በጨርቅ ጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተው። ልጁን እሱ አቀፈ፤ ባጃጅ ይዘን ጉድጓድ በጉድጓድ ፋብሪካው ደረስን።

የጥበቃ ሠራተኛው ቦርሳዬን ሲፈትሽ ሚስማሩን አወጣው። «ይኼ ምንድን ነው?»

«የአራስ ብረት ነው!» አለ አባቴ፣ እንደ ጣቢያ አለቃ ደረቱን ነፍቶ።

«አባባ፣ ብረት ፋብሪካ ብረት ይዘው ሊገቡ? ስትወጡ ሰረቃችሁ ነው የሚባለው።»

ሳቅን። ሚስማሩ እዚያው ጥበቃው ጋ ቀረ፤ አባቴም አብሮት ቀረ፣ ልጁን በጋቢ ሸፍኖ። እኔ ገብቼ ተመዘገብኩ። የቢሮ ጓደኛዬ ስታየኝ ከወንበሯ ዘላ ተነሣች። «መጣሽ! አባትሽ ‹በጊዜው እኔው እነግራታለሁ› ስላሉኝ እኮ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ላብድ ነበር!» አለችኝ። እሷንም ልቆጣት አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

ክርስትናው በሰላም ዋለ። ሽማግሌዎቹም መጡ፤ በማለዳ ሳይሆን በምሳ ሰዓት፣ ለመርዶ ሳይሆን ለድግስ። አንደኛው ጠላውን ይዘው «ሥራሽ እንዴት ሆነ?» ብለው ሲጠይቁኝ አባቴ በክርኑ ጎሸማቸው። ስልኬ ተመለሰልኝ። ግን ምደባው ይለጠፋል፣ በኢሜይል ይላካል እየተባለ ቀናት አለፉ፤ ሐምሌ ገባ፣ ዝናቡ ወረደ። ደረጃ መውረድ ሲሰለቸኝ አሁንም ስልኩን ይዞ ሱቁ ጋ የሚወርደው አባቴ ነበር። ማታ ማታ ከባለቤቴ ጋር እንቆጥራለን፤ ሥራው ከሄደ የቤቱን የባንክ ክፍያ በእሱ ደመወዝ ብቻ አንችለውም፤ ኮንዶሚኒየሙን አከራይተን አባቴ ቤት መግባታችን ነው። ለአባቴ አልነገርነውም። እሱ ግን ያውቃል፤ አንድ ቀን አቃቂ ሄዶ የኋላውን ክፍል ቀለም ቀብቶት መጣ።

አንድ ቀን፣ በእኩለ ቀን፣ ልጁን እያጠባሁ ሳለ ደረጃው ላይ የሚሮጥ ሰው ሰማሁ። አንድ ሰው ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አላረፈም። በሩ ተበረገደ። አባቴ ነው፤ ጋቢው በዝናብ ርሶ ከትከሻው ላይ ይንጠባጠባል፣ ትንፋሹ ተቆርጧል፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞታል። ማንንም አልሰበሰበም። የሚይዘኝ ሰው አላዘጋጀም፣ ውሃ የሚይዝ የለም። አክስቴ እንኳ ገበያ ነበረች።

«ከፋብሪካው ነው» አለ። «አላነበብኩትም። የሰዓቷንም ሥዕል አልነካሁም። እንካ… እንኪ፣ አንቺው አንብቢው። ግን እስከ ታች አንብቢው። እኔ እዚሁ ነኝ።»

በአንድ እጄ ልጁን ይዤ በአንድ እጄ ተቀበልኩት። የመጀመሪያው መስመር «የቀድሞ የሥራ መደብዎ የታጠፈ መሆኑ ይታወቃል» ይላል። አባቴ እጄን አያይም ነበር፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ክፉ ሊሆን በሚችል ሰዓት፣ ፊቴን እያየ ነበር። ወደ ታች ገፋሁት። አነበብኩ፣ ደግሜ አነበብኩ።

«ምን ይላል?»

«ላዩ እንደ ድሮው ነው።»

«ታቹስ?»

«ታቹ… ንብረት ክፍል ተመድበሻል ይላል። ፈቃድሽ ሲያልቅ ሥራ ግቢ ይላል፣ አባዬ።»

በርጩማው ላይ ዝርግፍ ብሎ ተቀመጠ። ረጅም ጊዜ ልጁ ሲጠባ ያይ ነበር፤ ያን ቀን ፊቱን አላዞረም።

«የእናትሽ ወረቀት» አለ በመጨረሻ፣ «ታች ቢኖረው ኖሮ።»

ልጁ ጠግቦ ጡቴን ለቀቀ። አንስቼ ዘረጋሁለት። አባቴ እርጥብ ጋቢውን አውልቆ ወለሉ ላይ ጣለና ልጁን ተቀበለኝ።